የተሳለው ፒክ

«ቢላ መሰለዎት እንዴ ጋሼ? የሚሳለው እኮ ቢላ ነው!»

«ዶልዱሞ አገኘሁት፤ ምን ላድርግ?»

«እስኪዶለድም ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል!»

ሰምሀል የክር መምቻውን ፒክ መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከበሬ ቀንድ የተቆረጠ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ ነገር ነው። ትናንት ማታ በማንዶሊኗ ክሮች መሀል ሰክታው ስትተኛ የሚመታበት ጫፉ እንደ ባቄላ ድቡልቡል ያለ ነበር። ዛሬ እንደ ወስፌ ሾሏል።

አጎቷ ጋሽ ስብሐት ሞረዱን እንደያዙ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ማንዶሊን ተጫውተዋል፤ ካመማቸው ወዲህ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች አልታጠፍ ብለዋል። ማንዶሊኑንም፣ የአመታቱን ጥበብም ለእሷ ሰጥተው ቀርተዋል። ዛሬ በስምንት ሰዓት የምትፈተነው በዚያው ጓድ ለዚያችው አንዲት የማንዶሊን ወንበር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሱቅ በተገዛ ሹል ፒክ ተፈትና፣ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ድምፅሽ ጆሮ ይወጋል» ተብላ ተመልሳለች። ወንበሩን ያገኘው ሰው ዘንድሮ ባይለቅ ኖሮ ሁለተኛ ዕድልም አይኖርም ነበር።

«ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ» አሉ ጋሽ ስብሐት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ በጊዜዬ ሁልጊዜ ከመድረክ በፊት እስላት ነበር። ያልተሳለች ፒክ እኮ ከትራምፔቱ ጩኸት ኋላ ተቀብራ ትቀራለች።»

«በእርስዎ ጊዜ ማይክ አልነበረም፣ ጋሼ። አሁን ማይኩ እዚህ ነው የሚቆመው፤ እዚህ!» ክሮቹን በመዳፏ መታ አደረገቻቸው። ማንዶሊኑ አጉረመረመ።

ጩኸቱን ሰምተው የግቢው ጎረቤት ጋሽ ቶለሳ መጡ። ክራርና ጊታር ጠጋኝ ናቸው። የከረሜላ ቆርቆሯቸውን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፤ ፒክ በፒክ ሆነ።

«ስሷን ሞክሪ፣ ልጄ። እጅ ላይ አትከብድም።»

ሞከረቻት። ማንዶሊን ክሩ ጥንድ ጥንድ ነው፤ ድምፁ እንዳይቋረጥ እጅ ወደ ታችም ወደ ላይም እየተርገበገበ ሁለቱን እኩል መንካት አለበት። ስሷ ፒክ ከመጀመሪያው ክር ጋር ተጣጥፋ ሁለተኛውን ዘለለችው። እንደ ዝንብ ጢዝ ብላ ቀረች።

«ስስ ለጊታር ነው!» አሉ ጋሽ ስብሐት ከደፉ። «ልጅቷን ጊታር መቺ ልታደርጋት ነው?»

«አንተ ዝም በል። ሞረድ ይዞ የተቀመጠ ሰው ዛሬ ምክር አይሰጥም።»

ወፍራሟን አነሳች። እሷ ደግሞ አልታጠፍ ከማለቷ የተነሳ አንጓዋ ድረስ እጇን አደረቀችው። ከአሮጌ የባንክ ካርድ የተቆረጠችው ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ ከዜማው በፊት የምትሰማው እሷ ናት። ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል ሆኗል። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቱ ሸማኔ መምቻ ምቱን አንዴም ሳይስት ይመታል፤ እሱም አናደዳት።

«ጣቷን አዝናንታ ትያዘው በላት እንጂ» አሉ ጋሽ ቶለሳ።

«እኔ ያስተማርኳትን አንተ ልታርም?»

«ፒክህ ማንዶሊንህ ሆድ ውስጥ ገብታብህ፣ መድረክ ላይ በጥፍርህ የጨረስክበትን ቀን ላስታውሳት?»

«በጥፍሬም ቢሆን ተሰምቻለሁ!»

ሰምሀል አልሳቀችም። ዕንባዋ እንዳይመጣ የቀንዱን ፒክ በጣቶቿ መሀል ታሽከረክረው ጀመር። ታክሲ ስትጠብቅም፣ ስብሰባ ላይም እንዲህ ማድረግ ልማዷ ነው። ሹሉ ጫፍ አውራ ጣቷን ወጋት። አዞረችው፤ ከኋላ በኩል ያለው ማዕዘን አልወጋትም። አጎቷ የሳሉት የሚመታበትን ጫፍ ብቻ ነው። ሁለቱ የኋላ ትከሻዎች እንደ ድሮው ሰፋ ብለው፣ ድቡልቡል ብለው ቀርተዋል።

ፒኩን ገልብጣ ያዘችው። ሹሉ ወደ መዳፏ፣ ትከሻው ወደ ክሩ ሆነ። ወደ ክፍሉ ጥግ ዞር ብላ የፈተናውን ዜማ መግቢያ በቀስታ መታች።

ድምፁ ወፈረ። ትንሽ ታፍኗል፤ ላይኛው ክር ላይ ስትደርስ ፒኩ አንዴ ተያዘባት። አቆመች። እጇን ከፍ፣ ፍጥነቷን ዝቅ አድርጋ ደገመችው። አልተያዘም። የትናንቱ ድምፅ አይደለም፣ የትናንቱን ደግሞ ዛሬ ማንም አይመልስላትም። ግን ጆሮ አይወጋም። ለሦስተኛ ጊዜ መታችውና እስከ ዜማው ሐረግ መጨረሻ ይዛው ሄደች።

ቀና ስትል የሰማት የለም። ጋሽ ቶለሳ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አንዲት አረንጓዴ ፒክ ይፈልጋሉ፤ ከጋሽ ስብሐት ጋር ትራምፔት ነፊው በዚያ የጥፍር ቀን ሰክሮ ነበር አልነበረም በሚለው ተያይዘዋል። ጋሽ ስብሐት ወፍራሟን ፒክ ሞረዱ ላይ አስተኝተው በደህናው እጃቸው ይስሏታል። ግራ እጃቸው ሁለት ጣቶቹ እንደተዘረጉ ጉልበታቸው ላይ ቀርቷል።

ማንዶሊኑን ቦርሳው ውስጥ አስገብታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። ነጠላዋን ከወንበሩ አነሳች። ፒኩን በጭብጧ ያዘች።

ደፉ ላይ ስትደርስ ጋሽ ስብሐት ዓይናቸውን ከሞረዱ ሳያነሱ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉላት።

«ቆይ፣ አንድ አፍታ» ይላሉ ለጋሽ ቶለሳ፣ «ጫፏን ትንሽ ላስተካክላትና፣ አሁን ስትሞክራት ታያለህ።»