ቅጠል የሌለበት ሳህን

ናዲያ ባክቴሪያ ያሳደግንባቸውን ሁለት ሳህኖች ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። የላብራቶሪያችን ቴክኒሺያን ናት።

በግራው ሳህን ላይ የዳማከሴ ናኖኢመልሽኔ አለ፤ የቅጠሉን ዘይት በዓይን በማይታዩ ጠብታዎች ከውሃ ያዋሃድኩበት። በቀኙ ያው ፈሳሽ ነው፣ ዳማከሴው ግን የለበትም፤ ማዋሃጃው ኬሚካልና አልኮሉ ብቻ። በሁለቱም ላይ ባክቴሪያው ሞቶ እኩል የጠራ ክብ ወጥቷል።

«ቅጠሉ ምንም አልሠራም» እላለሁ።

«ባለፈው ቅጠል የሌለበትን ለምን አብረሽ አልሞከርሽም?»

«ቸኩዬ።»

አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚፈጀው። ባክቴሪያው የአባቴ ነው፤ ስኳር ካቆሰለው እግሩ የተወሰደ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹ ይቆረጡ ሲል፣ የመጀመሪያውን ሳህን ፎቶ ለአባቴ ልኬ «እንዳታስቆርጥ፣ መድኃኒቱን አግኝቼዋለሁ» አልኩት። ጠበቀ። ከጣቶቹ የጀመረው ጥቁረት ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ለብቻዬ «ከጉልበት በታች ይቆረጣል» አለኝ። ይህን ሳህን ልይ ብዬ ለአባቴ አልነገርኩትም።

«ዶክተሮች» ይላል ዓሣ አጥማጁ አባቴ ከኮሪደሩ፤ «ዓሣው እስኪበስል ነው የምንጠብቀው?»

በከዘራው እየተደገፈ ይገባል። ናዲያ ወንበር ትስባለች። «ጋሼ ደምሴ፣ ቁጭ ይበሉ።»

አባቴ የታሸገውን የቀኙን ሳህን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዞረዋል። «አቤት ጥራቱ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ እነሰይፈሚካኤል ‹ልጅህ በቅጠል ትቀልድብሃለች› ይሉኛል። ይሄን ወስጄ ነው የማሳያቸው።»

«አባዬ፣ እሱ ቅጠል የለበትም።»

«እና ምን ገደለው?»

«አልኮሉ።»

«ታዲያ አልኮሉን አድርጊበት።»

«አልኮል ሥጋህንም ይገድላል። የነገርኩህ ስህተት ነበር። አሁን ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ሳህኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ክዳኑን በአውራ ጣቱ ይጠርገዋል።

«ጣቶቹን ነው አይደል?»

በርከክ ብዬ መዳፌን ከጉልበቱ በታች፣ ሐኪሙ ያለኝ ቦታ ላይ አሳርፋለሁ።

እጄን ያየዋል። ከዚያ ዓሣ በማውጣት በሻከረ እጁ ይይዘውና ሦስት ጣት ያህል ወደ ታች ያንሸራትተዋል።

«እዚህ ጋ ቢሆንስ?» ይለኛል።