ዘጠና ሰባት ከመቶ

ሰውየው በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ከሚስቱ የደበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ያለው ካሴት ውስጥ ነው። ካሴቱ ሚስቱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ሚስቱ አንገት ላይ።

የሠርጋቸው አርባኛ ዓመት ዕለት፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ካርቶን ታቅፎ ከች አለ። በጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው፤ ቤተሰቡ ግን «መርማሪው» ነው የሚለው። ፀሐይ በሰዓቷ መውጣቷን በእጅ ሰዓቱ የሚያጣራ ሰው ነው። ካርቶኑ ሲከፈት የጎማ ቁልፎች ያሉት፣ የጥንቱ ዓይነት ባለ ስምንት ቢት ኮምፒውተር ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ከየት ሙዚየም ሰረቅኸው?» አለ ባልየው።

«ባለፈው ወር የተሠራ ነው። መልኩ አሮጌ፣ ሆዱ አዲስ። ፕሮግራም የተቀዳበትን የድሮ ካሴት እንዳለ ያነባል።» መርማሪው ጥርሱን እስከ መንጋጋው አሳየ። «እስቲ ያንን ካሴት አምጪው፣ እህት ዓለም።»



ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እሱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እሷ የዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። የሠራተኞቹ ክበብ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ነበር። የወንድና የሴት ስም ሲጽፉለት ምን ያህል እንደሚስማሙ ከመቶ ይሰጣል። ጣቷ ፈጣን ስለሆነ ስም የምታስገባው ታይፒስቷ ነበረች። ለሹፌሩ ሰባ ሰጠ። ጥርስ ላልነበረው ዘበኛ እንኳ ስልሳ አምስት። ለመዝገብ ቤቱ ሰው ግን ከገንዘብ ያዥዋ ጋር ሁለት፣ ከስልክ ኦፕሬተሯ ጋር ሁለት፣ ከጽዳቷ ጋር ሁለት!

«አንተንማ ማሽንም ጠላህ» ብሎ መሥሪያ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሳቀበት።

ከታይፒስቷ ጋር ሠላሳ አንድ አገኘ። ታይፒስቷም፣ «ወንድሜ ከቁጥር በቀር የሚያምነው ነገር የለም። ዘጠና ካላመጣህ እኔን እርሳኝ» አለችው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ፕሮግራም አጻጻፍ የምታስተምር፣ ከመጽሔት የቀደዳትን ወረቀት ይዞ ክበቡ ገባ። የሁለቱ ስም ከገባ ዘጠና ሰባት የምታስብል አንዲት መስመር ጨመረ። ፕሮግራሙ ሌላ ምን እንዳለው ለማየት ፋታ አልነበረውም፤ ካሴቱ ላይ ቀድቶ እብስ አለ። ሰኞ ዕለት መርማሪው ፊት ዘጠና ሰባት ወጣ። መምህር ከቁጥር ጋር ምን ይጣላል? እያማረረ መረቀ።

ሚስትየው ከዚያ ወዲህ ካሴቱን ቆልፋ ይዛ፣ «እኔ ውሸታም አላገባሁም፤ ቁጥር ምስክሬ ነው» እያለች ስትኮራ ኖረች። ባልየውም ይህን በሰማ ቁጥር አንድ ኪሎ ይቀንስ ነበር።

አሁን ሚስትየው እየተንቀራፈፈች ካሴቱን አመጣች። ባልየው የማሽኑን ገመድ ሊሰውር ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ፤ ገመዱ የለም! አንድ ደግ እጅ ቀድሞታል። ገና ተመስገን ሳይል መርማሪው ከኮቱ ኪስ ሌላ ገመድ መዘዘ።

«መጠባበቂያ» አለ።

ልጆች፣ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች ከማሽኑ ጋር የተገናኘውን ቴሌቪዥን ከበቡ። ካሴቱ ጩኸቱን ለቀቀው፤ የሦስት ሰፈር ውሻ አጅቦት ጮኸ። ከዚያ መርማሪው የሁለቱን ስም ጻፈ።

ዘጠና ሰባት።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። መርማሪው ብቻ አላጨበጨበም።

«አርባ ዓመት ሆዴን የበላኝ ነገር ነው። ውስጡንም እንየው።»

«አያስፈልግም!» አሉ ባልና ሚስት እኩል።

«ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ወንድም ጋሼ» ብላ ጨመረች ሚስት። ባልየው በአርባ ዓመት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ ወድዷት አያውቅም።

መርማሪው ግን ትእዛዙን ጽፎ ቁልፉን ተጫነ። መስመሮቹ ተራ በተራ ተዘረገፉ። ጣቱ አሥራ አምስተኛው ላይ ቆመ።

«ያዝኩህ! ‹እሱና እሷ ከሆኑ፣ ዘጠና ሰባት በል!› አንተ አጭበርባሪ! እህቴን በሐሰተኛ ማስረጃ ወሰድካት!»

ባልየው ላቡ እስከ ካልሲው ወረደ። ቦርሳውን ይዞ የት እንደሚያድር ሳይቀር እያሰበ፣ ፍርዱን ለመቀበል ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ግን እሱን አታየውም ነበር። ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክላ፣ በእጇ የግድግዳውን ሶኬት ትዳብሳለች።

መርማሪው መነጽሩን ወልውሎ የሚቀጥለውን መስመር አነበበ፤ «ወንዱ እሱ ሆኖ፣ ሴቷ ከታይፒስቷ ሌላ ከሆነች፣ ሁለት በል።»