የዳማ ነውር

የሁለት ሺህ ሰባት ክረምት ሐምሌን ሙሉ አልዘነበም። ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ጣለና ያንኑ ይዞ ሄደ። ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። ኩሬው መስከረም ሳይወጣ ተሰነጠቀ። በጎቹን ሸጥሁ፤ ቀጥሎ ላሟን። እንግዳም ቀረ። አምና በዚህ ወቅት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በበቅሎ ሰው አደርስ ነበር፤ ዘንድሮ ጥቅምት ገብቶ አንድ ቀንም አልወጣሁም። የቀረችኝ ዳማ በቅሎዬ ናት። ገለባው ለአምስት ቀን ይበቃታል። ተከራይ ካልተገኘ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ትወርዳለች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። የጎረቤቴ የአረጋ ልጅ ውባንቺ ግቢዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ድንጋይ አስደግፋ ታቆማለች። አባቷም ነገሩን ለማየት እያነከሰ ተከትሏት መጥቷል። ከወይራው ሥር፣ ከእኔ ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

ውባንቺ ስለ በቅሎ ጉዞ ኢንተርኔት ላይ ብሎግ መጻፍ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። ድሮ እንግዳ የሚያመጣልን አንድ አስጎብኚ ቢሮ ነበር። ባሳተመው ወረቀት ላይ በቅሎዎቹ ሁሉ ወፍራም ናቸው፤ እኛም ሁላችን እንስቃለን። አሁን የሚመጣው እንግዳ የእሷን ጽሑፍ አንብቦ፣ የባለበቅሎውን ስም ይዞ ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ድምፅ ጨምራለች።

«ሬዲዮ ነው?» እላታለሁ።

«ፖድካስት ይባላል፣ አባባ። ሰው በፈለገው ሰዓት ከስልኩ ይሰማዋል። እርስዎ በአማርኛ ይናገራሉ፤ እኔ በእንግሊዝኛ አስከትላለሁ።»

«ጣቢያው የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እናቷ» ይላል አረጋ ከወይራው ሥር።

ውባንቺ ትስቃለች። «በሉ ዳማን ያስተዋውቁልኝ። እንደዚያ እንደ አስጎብኚው ወረቀት እንዳያወድሷት ብቻ። ሰሚዎቹ ውዳሴ ሰልችቷቸዋል። ገበያ እንዳወጧት አድርገው ይናገሩ።»

ይህንን አውቃለሁ። በእኛ ገበያ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ነውሯን ይናገራል። ሰምቶ የገዛ አይከስም። ሳይነገረው የገዛ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሻጩ ላይ ክስ አለው። ወደ ስልኩ ጠጋ እላለሁ።

«ዳማ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገደል ጫፍ ትሄዳለች። ጭነቷ የተራራውን ግድግዳ እንዳይነካባት ብላ የለመደችው ነው። እሷ አትወድቅም፤ የተቀመጠባት ሰው ግን በፍርሃት ነፍሱ ትወጣለች። ያን ጊዜ ልጓም አትሳቡ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የሚጮህ ሰው አትወድም። ቄስ ሲያልፍ ትቆማለች፤ እስኪያሳልማት አትነቃነቅም። ሌላ ነውር የላትም።»

የውባንቺ ፊት ይበራል። «እንዲህ ነው እንጂ!» ትላለች። «እስከ ዛሬ የሸጧቸውስ? ሁሉም ነውራቸው ተነግሮ ነው?»

በክፋት አይደለም የጠየቀችኝ፤ የምታውቀው ነገር የለም። አረጋ በዱላው መሬቱን ይጭራል።

አዎ ብል ያበቃል። ሰው ይሰማል፣ ይመጣል፣ ዳማ ትቀርልኛለች። አይደለም ብልስ? አንዴ የደበቀን ሰው በገደል መንገድ ማን ያምነዋል? ስልኩ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ትበራለች።

«አይደለም» እላለሁ። «አንዷን ደብቄ ሸጫለሁ። የዛሬ አስራ ስምንት ዓመት ነው። ግራጫ ነበረች። ውሃ ስታይ ትደነብራለች። ዋጋዋ እንዳይወርድ ብዬ ዝም አልሁ። ከእኔ የገዛት ጎረቤቴ አረጋ ነው። ለይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ሲሄድባት ወንዙ ላይ ጣለችው። ግራ እግሩ የተሰበረ በዚያ ነው። ሰው ሁሉ አረጋን በቅሎ መያዝ አይችልም ብሎ አማው። እኔም ቆሜ ሰማሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ውባንቺ አባቷን ታያለች፤ እግሩን ታያለች። ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ሌላ ነው።

«ይህን መቁረጥ ይቻላል» ትላለች ቀስ ብላ። «የዳማን ብቻ ላሰማ እችላለሁ።»

«አይቆረጥም። እንግሊዝኛውንም ሳታለዝቢ አስከትይ።»

አረጋ ዱላውን ተክሎ ይነሳል። የሚሄድ ይመስለኛል።

«አንተ ድንጋይ!» ይለኛል። «አስራ ስምንት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን፣ ለእኔ ሳትነግር ለፈረንጅ ነገርህ?»

«ለብቻህ ብነግርህ ምን ይረባሃል? የታማኸው በአደባባይ ነው።»

ያስባል። «በእሱስ ልክ ነህ። እኔማ አውቅ ነበር፤ ከአፍህ ነው የጠበቅሁት።» ወደ ልጁ ዞር ይላል። «አላጠፋሽውም?»

«አላጠፋሁትም፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ይሰማ። አረጋ እባላለሁ። በቅሎ መያዝ አውቃለሁ። ይህ ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ከመሰከረ፣ በበቅሎው አይዋሽም። ዳማ ቅዳሜ ገበያ አትወርድም፤ ገለባው ካለቀ ከእኔ ቤት ይወሰድ። ለዘንድሮው ንግሥ እኔ እሄድባታለሁ። የሚፈልግ ከኋላዬ ይምጣ።»

አረጋ ወንዙ ላይ ከወደቀ ወዲህ በቅሎ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ኮርቻውን አውጥቼ እጭናለሁ፤ ጠፍሩን አጠብቃለሁ። ዱላውን ለልጁ ይሰጣትና አጠገቤ ይቆማል።

«በል እርካቡን ያዝልኝ።»

በርከክ ብዬ በሁለት እጄ እይዛለሁ። የተጣመመች ግራ እግሩን ያስገባል። ክብደቱ ለአንድ አፍታ ሙሉውን እጄ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ኮርቻው ላይ ሲወጣ ቀለል ይላል።