ይቅርታ በውክልና

የሞተ ሰው ይቅር እንዲል ሌላው አፉን ቢያውሰው፣ ይቅርታው የማን ነው?

ስድስት ተጓዦች የጀርባ ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ እሳተ ገሞራ በበላው መንደር ላይ ሲጓዙ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ከፊት መንገድ መሪው፣ ከኋላ አንዲት አሮጊት። አመዱ እንዳያፍናቸው ሁሉም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። የአሮጊቷ ድምፅ ሻካራ ነው፤ ሁሉም በአመዱ አሳበበው እንጂ ሌላ ምክንያት አልፈለገለትም።

«እማማ፣ ሻንጣዎን ልያዝልዎት?» አላት ከተጓዦቹ አንዱ የሆነው ባንከኛ።

«የራስህን ቻል። ከጠዋት ጀምሮ እንደምትወልድ ላም ታቃስታለህ።»

«እውነታቸውን ነው!» ብላ ሚስቱ ሳቀችበት።

ከረጋው ጥቁር አለት መሀል የአንድ ቤት ጣሪያ ብቅ ብሏል። አጠገቡ ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። መሪው ቆመ።

«ይሄ የእናቴ ቤት ነው» አለ። «ተራራው የፈነዳ ዕለት እግሯ ተሰብሮ ተኝታ ነበር። የጭነት መኪና አመጣን፤ በሰው ሞላ። ሹፌሩ እኛን አድርሶ ለእሷ እመለሳለሁ አለ። ከዳን። ወሬው እንኳ ጠፋ።»

ጥፋት ለማሸከም የሌለ ሰው ይመቻል። ተጓዦቹ ሹፌሩን ረገሙት።

«ይቅር በይኝ ሳልላት ነው የሞተችብኝ» አለ መሪው። «እስካሁን እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ እዚህ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ድንጋይ ያኖርና በእሷ ፈንታ ‹ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ› ይለኛል።»

ባንከኛው ድንጋይ አኖረ፤ ቃሉንም አለ። ሚስቱም እያለቀሰች አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። አሮጊቷ እጇን ኪሷ ከታ ቆመች።

«እማማ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ከእርስዎ አፍ ብሰማው ደስ ይለኛል።»

«መኪናው ላይ ምን ጫናችሁ?»

«ሰው ነዋ።»

«ቁምሳጥኑስ? ፍሪጁስ? የእህትህ ሶፋስ?»

መሪው ወደ እሷ ተጠጋ።

«አንዲት እናት ከቁምሳጥን አነሰችባችሁ? ሹፌሩ ደግሞ ተመልሶ ነበር። መንገዱ እየነደደ ተመልሷል።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?» አንቱታው ጠፋ። «መኪናው ላይ የነበርነው እኔ፣ እህቶቼና ሹፌሩ ብቻ ነን። አሃ፣ ገባኝ! ሚስቱ ነሽ። የዚያን ከሃዲ ስም ልታነጺ ነዋ የመጣሽው፤ ያውም እናቴ መቃብር ላይ ቆመሽ!»

«ኧረ ነውር ነው!» አለች የባንከኛው ሚስት። «አንድ ድንጋይ ምን ይከብድዎታል?»

«ጥፊልኝ ከዚህ!» ብሎ ጮኸ መሪው። «እናቴ ብትኖር ይቅር ትለኝ ነበር። አንጀቷ አይችልም፤ አውቃታለሁ!»

አሮጊቷ ፊቷን ገለጠች።

«ሁለት ቀን ሙሉ ከኋላህ ስትከተልህ እንኳ እናትህን አላወቅካትም» አለች። «ይቅር አልልም። አንተንም፣ እህቶችህንም፣ ማንንም።»