የውድነሽን ቁርጥማት ስሸከም

የባለቤቴ የውድነሽ የጣት ቁርጥማት የወር አበባዋ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ይብስባታል። ዘንድሮ ሕመምን በአምባር ለትዳር ጓደኛ ማስተላለፍ ስለተፈቀደ፣ የልጃችንን የሶስናን ፀጉር ሠርታ እስክትጨርስ ቁርጥማቱን ለአንድ ሰዓት ተቀበልኳት። እኔ እኮ ዝሆን ቢረግጠኝ የሚያነክሰው ዝሆኑ ነው!

ሹሩባው ሳይጋመስ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ።

«ጀግናው፣ ልውሰደው?» አለች ውድነሽ።

«ይሄማ የትንኝ ንክሻ ነው!»

«አባዬ፣ ላብ አጠመቀህ እኮ» ብላ ሶስና ሳቀች።

ሰዓቱ ሞላ። ውድነሽ አምባሩን ልትፈታልኝ እጇን ዘረጋች። አሥር ዓመት ሙሉ «ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢ» እያልኩ ያለፍኩት ለካ ይህንን ኖሯል። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«ሦስቱ ቀን እስኪያልፍ እኔው ጋ ይቆይ» አልኳት።