አሮጌውን መረብ የተጸየፈው እንግዳ

ጃጎ የሎንዶኑን ልጅ ኮሌታ ይዞ ከበርጩማው ሲያነሳው ቢራው ተደፋ። የቤቱ ውሻ መጥቶ ወለሉን መላስ ጀመረ።

«በስልክህ ምን ስትጽፍ ነበር? ተናገር!»

«ለእናቴ ነው!»

«አፍንጫህን ይዘህ ነው ለእናትህ የምትጽፈው?»

ልጁ ሩፐርት ይባላል። አፍንጫውን መያዙ እውነት ነው። እሁድ ቀትር ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠው ፔትሮክ ጠዋት የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲያወጣ የለበሰውን ሹራብ ሳይቀይር ነው የመጣው። በዚያ ላይ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈውን እንቁላል ከብርጭቆ ማሰሮው ውስጥ በጣቱ እየጎረጎረ ያወጣል። ማውጫ ማንኪያ አለ። ማንም ነክቶት አያውቅም።

«አሮጌው መረብ» ማለት ፖርትሄለን ወደብ አፍ ላይ የተወተፈች ጠባብ መጠጥ ቤት ናት። ምንጣፏ ጫማ ይዞ አይለቅም። ቢራዋ አይቀዘቅዝም፤ እዚህ እንደዚያ ነው የሚጠጣው። የደንበኞቹ ኩባያዎች ከጣሪያው ተሰቅለዋል፤ የጃጎው ከአባቱ የወረሰው ነው። ከባንኮኒው ማዶ ከሎዌና በቀር ማንም አይሻገርም። የጃጎ አባት እንኳን ዕድሜ ልኩን ጠጥቶ አንዴም አልተሻገረም።

ሎዌና የቤቱ እመቤት ናት። ሕንፃው ግን የቢራ ኩባንያው ነው፤ እሷ በውል ይዛ ታሠራዋለች። ባለፈው ዓመት ልተወው ብትል ኩባንያው «ውልሽ አላለቀም» አላት። ደንበኞቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

በጋውን በሙሉ ደግሞ አንድ ሰው በኢንተርኔት ቤቷን ሲያብጠለጥላት ከረመ። ሐሙስ የኩባንያው ሰው ይመጣል። የእንግዶች አስተያየት እንደዚሁ ከቀጠለ ቤቱ ይዘጋል፣ ውሉም አብሮ ይፈርሳል፣ ተብሏል። ጃጎ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከሰው ጋር የሚያወራው እዚህ ብቻ ነው። ከተዘጋ የሚቀረው አንድ ክፍልና ቴሌቪዥን ነው።

«ሎዌናዬ፣ የትናንቱን አንብቢለት። ፊቱን ልየው» አለ። ጃጎ ስልክ የለውም፤ ሁልጊዜ የምታነብላቸው እሷ ናት።

ሎዌና ስልኳን አነሳች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ እንዳለ፣ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ አነበበች።

«"ከሽንት ቤት የተመለሰ እጅ ሁሉ አንዷ የለውዝ ሳህን ውስጥ ይገባል። ሊጥ ለብሶ የተጋገረው ዓሣ ጭንቅላቱን አውጥቶ ያፈጥብሃል፤ አፉ ውስጥ ፀጉር አገኘሁ። ቢራው የፈረስ ሽንት ነው። ሳሙና የቢራውን አረፋ ይገድላል እያሉ ኩባያዎቹን በውሃ ብቻ ነው የሚያለቀልቋቸው። ምድር ቤት፣ ከበርሜሎቹ ጀርባ፣ አይጥ ሞታ ከፋሲካ ጀምሮ እዚያው ትሸታለች።"»

ፔትሮክ እንቁላሉን እያላመጠ «ቱ!» አለ። የአስኳል ፍርፋሪ ጺሙ ላይ ቀረ። «ሰው ትንሽ ነውር አያውቅም? ፀጉሩ ደግሞ የኔ አይደለም፤ ይኸው ራሰ በራ ነኝ።»

«ጌታዬ፣ በእናቴ ስም፣ እኔ እዚህ ከተማ ዛሬ ነው የገባሁት» አለ ሩፐርት።

«ማደሪያህ የት ነው?»

«ላይ፣ ገደሉ ጫፍ ያለው ሆቴል።»

ሁሉም ወደ ልጁ ዞረ። የሆቴሉ ባለቤት ይቺን ቤት ገዝቶ የወይን ጠጅ ቤት ለማድረግ እንደሚያቃዠው የማያውቅ የለም።

«አላልኳችሁም?» አለ ፔትሮክ። «ላኪው ተገኘ! አራዳ የሆንክ መስሎሃል አንተ፣ ባለ ነጭ ጫማ!»

«ልቀቀው ጃጎ» አለች ሎዌና። «እሱ አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም ታዝኛለሽ። ና አንተ፣ ስልክህን አውጣ። ጻፍ! "ቤቱ ንጹሕ ነው። እመቤቲቱ እናት ናት" በል።»

ልጁ የተባለውን ጻፈ። አስነብበው፣ እንዲልከው አድርገው ለቀቁት። ወጥቶ የባሕሩን ግንብ ተደገፈና አስመለሰ። የባሕር ወፎች ወረዱበት። እነ ፔትሮክ በመስኮት እያዩ አጨበጨቡ።

«በቃ፣ ተገላገልሽ!» ጃጎ ባንኮኒውን በጡጫ መታ። «ሐሙስ ሁላችንም ታጥበን እንመጣለን። ለኩባንያው ሰውዬ እንመሰክርልሻለን። ሎዌናዬ፣ የትም አትሄጂም! አባቴን ከዚህች በርጩማ ተሸክመን እንዳወጣነው፣ አንቺንም ከዚህ የምናወጣሽ በሬሳ ሣጥን ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጃጎ አፍ የወጣ ምራቅ ለውዙ ላይ አረፈ። ፔትሮክ ከዚያው ላይ ዘገነ።

ሎዌናም ፈገግ አለች። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ የእህቷ ፖስት ካርድ አለ፤ ባሕር የሌለበት፣ ደረቅ ተራራ። ጥግ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎበታል፤ በጥፍሯ ፋቀችው። ስልኳን ትንሽ ስትነካካ ቆየች። ከዚያ ቢራው አለቀ ሲሏት፣ እንደተከፈተ ባንኮኒው ላይ ትታው በርሜል ልትቀይር ከባንኮኒው ጀርባ ባለው ደረጃ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ጃጎ የልጁን ደግ ቃል በዓይኑ ማየት አማረው። ስልኩ ከእንቁላሉ ማሰሮ አጠገብ እንደበራ ነው። ኮምጣጤ የነካ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና አነሳው።

«ባንኮኒው ጫፍ ላይ፣» ይላል ገና ያልተላከው ጽሑፍ፣ «የማጥመጃ ትል የሚሸት ሽማግሌ አለ። የአባቱን ያልታጠበ ኩባያ ይልሳል። ሲስቅ ምራቁ የሰው ለውዝ ላይ ያርፋል። ዛሬ ደግሞ»

እዚያ ላይ ይቆማል።

ሎዌና ከደረጃው ብቅ አለችና እጇን ዘረጋች።

«ጃጎ፣ ስልኬን መልስልኝ፤ አልጨረስኩም።»