ስሟን እንዳትጠራ

«በረሃ ውስጥ የልጅህን ስም እንዳትጠራ» ብዬ ልጄን ታሪኩን የለመንኩት ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። ጅብ የሰማውን ስም ይይዛል፤ ኋላ በሰው ድምፅ ይጠራል። «አቤት» ያለውን ደግሞ አይተወውም።

«እማዬ ደግሞ! አንበሳ ልናይ እኮ ነው የምንሄደው» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም እሺ አለኝ፤ ፓርኩ ውስጥ የልጅ ልጄን «ሚሚ» ብቻ ስንላት ሰነበትን።

በመጨረሻው ቀን ድንኳኑን ነቅለን ዕቃ ስንጭን ዞር ብል የለችም። ሣሩ ከእሷ ቁመት ይበልጣል። በድንጋጤ ሁሉንም ረሳሁትና ስሟን ጮኼ ጠራሁ።

«አቤት!» ብላ የጅግራ ላባ ይዛ ብቅ አለች። እላይዋ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

«ይኸው ጠራሻት፤ ምን ሆነች?» አለ ታሪኩ እያሾፈ።

መኪናው ሲነሳ ታቅፌያት ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው። ከኋላችን፣ ከሣሩ ውስጥ፣ ስሟ ተጠራ። ድምፁ የእኔ ነው፤ መንቀጥቀጡ እንኳን አልቀረም።

ታሪኩ እየነዳ በመስታወቱ ሲያየኝ አፌ ዝግ ነው። ሳቁ ጠፋ።

ትልቅ ሰው ሲጠራት ቶሎ እንድትመልስ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አፏን ልይዝ እጄን ስሰድ ቀደመችኝ።

«አቤት!»